አርበኛው ድምፅ ሲጠይቅ

የዘመተ ሰው ከዘመቻው ተመልሶ «ምረጡኝ» ሲል ምን ማለቱ ነው? «ደሜን አፍስሻለሁና ዋጋዬን ክፈሉኝ» ነው ወይስ «ላገልግላችሁ፣ ፍቀዱልኝ» ነው? ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው መራጩ ባለዕዳ ነው። በሁለተኛው ግን መራጩ ቀጣሪ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው በአገራችን፣ በተለይም ከጎንደርና በስተ ሰሜን ካሉት ደጋዎች ተነሥተን፣ አርበኛና ወታደር ወደ ምክር ቤት የገባበትን መንገድ ነው። የምንለውም አጭር ነው፤ ሹመት የውለታ መክፈያ ሆኖ ኖሯል፤ ድምፅ ግን የውለታ መክፈያ ከሆነ ዕዳው ዞሮ ዞሮ ከድኻው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ነገሩን ከፉከራ እንጀምር። ጎንደሬ ለፉከራ እንግዳ አይደለም፤ በሠርጉም በለቅሶውም «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሣ አይጠፋም። በጥንቱ ሥርዓት ጦርነቱ ሲያበቃ ጀግናው ከጌታው ፊት ቀርቦ ግዳይ ይጥላል፤ የገደለውን፣ የማረከውን ይቆጥራል፤ የአባቱንና የአያቱንም ይጨምርበታል። ጌታውም እንደየሥራው ይሸልመዋል፤ አንዱን በቅሎ፣ አንዱን ካባ፣ አንዱን ጉልት። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ፎካሪው የሚናገረው ስላለፈው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አድማጩ «እህ!» እያለ ያሟሙቃል እንጂ ጥያቄ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ ዋጋው የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከጌታው እጅ። የምርጫ ነገር ደግሞ ሦስቱንም ይገለብጣቸዋል። ዕጩው ስለ ነገ መናገር አለበት፤ አድማጩ ይጠይቃል፤ ሥልጣኑም የሚመጣው ከታች ነው። ታዲያ በፉከራ ያደገ ሕዝብና በፉከራ የተሸለመ ጀግና ምርጫ ሲመጣባቸው እንዴት ተገናኙ?

መቼም በእኛ አገር ፎካሪው የሚፎክርበት አላጣም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር በራስ እምሩ መሪነት ተከዜን ተሻግሮ፣ ሽሬ ውስጥ እንዳባጉና አጠገብ የጣሊያንን ታንኮች ገጥሞ ድል አድርጓል። በዚያው ዓመት መጋቢት ጣሊያን ጎንደርን ያዘ፤ ገጠሩ ግን አልተያዘም። የአሞራው ውብነህ ስም እስከ ዛሬ ሲነሣ የሚኖረው በዚያ ዘመን በሠራው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የጎንደር ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ያለውን የወልቀፊትን ምሽግ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ለወራት ከበውት ቆይተው በመስከረም 1934 እጁን ሰጠ። ቁልቋል በርም በኅዳር ተያዘ። በመጨረሻ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ያቆመው መንግሥት የመጨረሻው ምሽግ የፈረሰው እዚሁ በእኛ ከተማ ነው ማለት ነው፤ ከአዲስ አበባው ነጻነት ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ።

ከድሉ በኋላ የመጣው ጥያቄ ጥንታዊው ጥያቄ ነው፦ ማን ይሸለም? በዱር የከረመው አርበኛ፣ በስደት የቆየው ስደተኛና ለጣሊያን ያደረው ባንዳ በአንድ ግቢ ተገናኙ። ማዕረግ ያገኘ አገኘ፤ ያላገኘው አኮረፈ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው፤ ሳይሾም የቀረውስ ምን ይበል? መንግሥት ለአርበኛና ለወታደር አንድ አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ግን መሬቱ ከየት ይምጣ? በበጌምድር ደጋ መሬቱ ርስት ነው፤ የዘር ነው፤ ቆርሶ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ስጦታው በአብዛኛው የወደቀው የመንግሥት መሬት በብዛት በሚገኝበት በደቡብ ላይ ነው። እዚያም መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ የሚያርሰው ሰው ነበረው። የአንዱ ጀግንነት በሌላው ገበሬ ጭሰኝነት ተከፈለ ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም የውለታ ክፍያ ሁልጊዜ ከፋይ አለው፤ ከፋዩ ግን ብዙውን ጊዜ በድግሱ ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንግባ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ነበር፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የሕግ መወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ተደነገገ። «እስኪበቃ ድረስ» የተባለው ሕዝብ ከአራት ዓመት በኋላ የአገሩን ነጻነት ለመጠበቅ በቃህ ተብሎ ሲጠራ አልዘገየም። ለመሞት የበቃ ለመምረጥ አልበቃም ነበር። ይህን ያህል ግልጽ ቅራኔ በታሪካችን ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

የምርጫው በር የተከፈተው በተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው 21 የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም፣ እንዲመርጥ ተፈቀደ። አገሩ እያንዳንዱ 200,000 ያህል ሰው በሚኖርበት የምርጫ ወረዳ ተከፈለ፤ ከየወረዳው ሁለት እንደራሴ ይመረጣል። ከ30,000 ሰው በላይ ያለው ከተማ ደግሞ የራሱን እንደራሴ ይልካል። ዕጩው 25 ዓመት የሞላው፣ በወረዳው ነዋሪ የሆነና ንብረት ያለው መሆን አለበት፤ የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ዕጩ በራሱ ስም ብቻ ይቆማል። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ግን እንደ ጥንቱ በንጉሠ ነገሥቱ ሹመት ቀጠለ።

እስቲ ይህን ሕግ በጃናሞራ ወይም በበየዳ ደጋ ለሚኖር አንድ አርበኛ እናንብበው። ጠመንጃ አለው፤ ምናልባት ሜዳሊያም አለው። መሬቱ የወንድማማች ርስት ነው፤ አይሸጥም፤ ስለዚህ ዋጋው ስንት ነው ቢባል ማን ያውቃል? ሕጉ ጀግንነቱን አይጠይቀውም፤ ንብረቱን ነው የሚጠይቀው። ንብረቱን ቆጥሮ የሚመሰክርለት ደግሞ የአካባቢው ሹም ነው። ፓርቲ ስለሌለም ከእርሱ ጋር የሚቆም፣ ጉዳዩን በጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚሰጠው ድርጅት የለም። ያለው ስሙና ዘመዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ስምና ዘመድ ብቻ ባለበት ምርጫ ፉከራ ተመልሶ ቢመጣ ምን ይገርማል? ባለብዙ ዘመዱ አርበኛ የትናንት ተከታዩን ሰብስቦ የዛሬ መራጭ ያደርገዋል። ድኻው አርበኛ ግን የሜዳሊያውን ቀን ቆጥሮ ቤቱ ይውላል።

ትልልቆቹ አርበኞች ደግሞ ድምፅ መለመን አላስፈለጋቸውም። ለእነርሱ የሕግ መወሰኛው ወንበር ነበረላቸው። ወንበሩ ክብር ነው፤ ግን ክብሩን የሰጠ እጅ መልሶ ሊወስደው ይችላል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ተሿሚ የሾመውን ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ የሕዝብ ድምፅ ይዞ የገባ ሰው፣ ሥልጣኑ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በዓይነቱ አዲስ ሰው ነበር።

ከነዚህ አዲስ ሰዎች መካከል ለእኛ ለጎንደሮች በዘር የሚቀርቡን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ የነበሩት። «ከንቲባ» የሚለውም ማዕረግ የጎንደር ከተማ ሹም የቆየ መጠሪያ ነው። ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰው ነበር። ጣሊያን ሲመጣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በኋላ ተይዘው ወደ አዚናራ፣ በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የግዞት ደሴት፣ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ሥራቸውንም በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ። በመስከረም 1950 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ሲደረግ በአዲስ አበባ ዕጩ ሆነው ቀረቡና ተመረጡ፤ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ወይዘሮ ስንዱ የአርበኝነት ታሪክ ነበራቸው፤ ግን የፎካሪ ማዕረግ አልነበራቸውም። ደጃዝማች አልተባሉ፣ ፊታውራሪ አልተባሉ። ከጦርነቱ በኋላ 16 ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ሰው ያወቃቸው በትምህርት ቤት ሥራቸው ነው። ማለትም ከግዞት እስከ ምርጫ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ሥራ ሠርተዋል። በእኛ አስተያየት የዘማች ዕጩ መመዘኛው እዚህ ላይ ነው፦ ጠመንጃውን ካስቀመጠ በኋላ ምን ሠራ?

ሁለተኛው ምሳሌያችን መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በ1936 ዓ.ም. ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተመርቀው በመኮንንነት ሠሩ፤ ከዚያ ወደ አየር ኃይል፣ ቀጥሎም ወደ ሲቪል አቪዬሽን ሄዱ። በ1953 ዓ.ም.፣ ማለትም የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈበት ዓመት፣ ለፓርላማ ተወዳድረው ተመረጡ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ሁለት መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. ምርጫ፣ በስተርጅና፣ በበቾ በግል ዕጩነት ቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። በመስከረም 1994 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧቸው፤ እስከ 2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠሩ፤ በ2011 ዓ.ም. አረፉ። የሚገርመው ግን የስማቸው ነገር ነው። ከሠራዊቱ ከወጡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ሰው «መቶ አለቃ ግርማ» ማለቱን አልተወም። እኛ አገር ማዕረግ ልብስ አይደለም፤ ቆዳ ነው፤ አይወልቅም። ስለዚህ ዘማች ዕጩ ባይፎክርም ማዕረጉ ይፎክርለታል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ምርጫው ግን በየአራት ዓመቱ፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961፣ በ1965 እየተደረገ ቢሄድም፣ ደጋው ገበሬ እንደራሴውን እንደ ራሱ አፍ አድርጎ ቆጥሮት ነበር ማለት ያስቸግራል። ማስረጃው በጎረቤታችን በጎጃም ነው። በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ። የጎጃም ገበሬ «ርስታችን ሊለካ፣ ሊወሰድብን ነው» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌ ልኮ አቤት ያለው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ አልሰማ ሲሉት ጠመንጃውን አነሣ። ጣሊያንን የተዋጋ ትውልድ ገና በሕይወት ያለበት አገር ነበር። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢውን አነሣ፤ የግብሩንም ነገር አለዘበው። እንግዲህ ይህ ሕዝብ እንደራሴዎች ነበሩት። ወደ እነርሱ አልዞረም። አዋጁን ያጸደቁት እነርሱ ነበሩና! አርበኝነትን እንደ ማለፊያ ወረቀት አሳይቶ ምክር ቤት የገባ ሰው፣ ከገባ በኋላ የላከውን ገበሬ ካልሰማ፣ ገበሬው ወደ ጥንቱ ቋንቋ፣ ወደ ጠመንጃ፣ ይመለሳል። በእኛ አስተያየት የጎጃም ትምህርት ይኸው ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ፓርላማውንም በተነ። ከዚያ በኋላ ወታደር ድምፅ መለመን አላስፈለገውም። ጎንደር ይህን ከሁሉም የበለጠ ታውቃለች። ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደርን ሲያስተዳድሩ ማንም አልመረጣቸውም፤ በቀይ ሽብር ዘመን በከተማዋ ወጣቶች ላይ የደረሰውን እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል፤ በኋላም ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። የወታደር ሥልጣን መጠየቅ በማይቻልበት ጊዜ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለጎንደር ልጅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም።

በ1979 ዓ.ም. ሰኔ 7 ቀን ለብሔራዊ ሸንጎው 835 ወንበሮች ምርጫ ተደረገ። ዕጩዎችን የሚያቀርቡት የኢሠፓ አካላት፣ የብዙኃን ድርጅቶችና የሠራዊቱ ክፍሎች ነበሩ። ልብ በሉ፤ የጦር ክፍል ራሱ ዕጩ ያቀርባል። ወታደሩ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ የሕዝብ ተወካይ ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ወንበር ከአንድ በላይ ዕጩ ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም የሚወጣው ከአንድ ወንፊት ነው። በእንዲህ ያለ ምርጫ መራጩ ሰውን ከሰው ይለያል እንጂ አሳብን ከአሳብ አይለይም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዘማች መጣ፤ ታጋይ። ኅዳር 1973 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢሕዴን በ1986 ብአዴን ሆነ። በ1984ቱ የክልል ምርጫና ከዚያ በኋላ በረሃ የከረሙት ታጋዮች ለክልሉ ምክር ቤት ዕጩ ሆነው ቀረቡ። ከታጋዮቹ አንዱ አቶ አዲሱ ለገሠ ለዓመታት የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ነበሩ። እዚህም ላይ ፉከራው ቃሉን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። «ዘምቻለሁ» የሚለው «ታግያለሁ» ሆነ። «ስንታገል የት ነበርክ?» የምትል ጥያቄ ስንቱን ዝም አሰኝታለች! ይህች ጥያቄ ከጥንቱ ግዳይ መጣል በምን ትለያለች?

መልሱን በከፊል የሰጠን የ2002 ዓ.ም. ምርጫ ይመስለናል። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ፣ የሕወሓት የጦር መሪ የነበሩት፣ ከእስር ከወጡ በኋላ በመድረክ ዕጩነት በተምቤን ተወዳደሩ። ተሸነፉ። ተቃዋሚዎች ምርጫው ነጻ አልነበረም ብለው ተከራክረዋል፤ ከ547 ወንበሮች ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ሁለት ብቻ ሲቀሯቸው ሁሉንም ወሰዱ። ለእኛ ጉዳይ ግን የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው። በአቶ ስዬ ላይ የተሰለፈው ድርጅት ራሳቸው የታገሉበት ድርጅት ነው። በሁለቱም ወገን «ታግያለሁ» የሚል ካለ «ታግያለሁ» ማለት ምንም አይለይም። መራጩ የግድ ሌላ ጥያቄ ማንሣት አለበት፤ የግድ «ወደፊትስ?» ማለት አለበት።

ከባሕር ማዶም ይህን የሚያሳይ ታሪክ አለ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. እንግሊዞች፣ ሂትለርን ያሸነፉላቸውን ዊንስተን ቸርችልን ከጠቅላይ ሚኒስትርነት በድምፅ አወረዱ። ቸርችል በወጣትነታቸው እስከ ሱዳን የዘመቱ ወታደር ነበሩ። ያሸነፏቸው ክሌመንት አትሊም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ የተዋጉ ሻለቃ ናቸው። ከግንባር የተመለሰው ወታደርና ቤቱ በቦምብ የፈረሰበት ሠራተኛ ሁለቱንም ዘማቾች አይቶ የጠየቀው «ማን ይበልጥ ጀግና ነው?» ብሎ አይደለም። የጠየቀው ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሕክምና ነው። ቸርችልን ግን አልጠላቸውም፤ በ1944 ዓ.ም. መልሶ መረጣቸው። አክብሮትና ድምፅ ለየብቻ መሆናቸውን ያወቀ ሕዝብ እንዲህ ያደርጋል።

አሁን ያለው የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ አንድ ደረጃ ተራምዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል፤ የምርጫ ሕጉም ወታደር ዕጩ ሲሆን ሥራውን እንዲለቅ ይጠይቃል። የደንብ ልብሱን ማስወለቅ ግን ለሕግ ቀላል ነው፤ ከመራጩ አእምሮ ማስወለቅ ነው ከባዱ። ይህ ደግሞ የሩቅ ነገር አይደለም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ድረስ ደርሷል። በእኛ ደጋ ጠመንጃ ያልያዘ ቤተሰብ፣ ሰው ያልቀበረ መንደር ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ የዘመቱት ነገ ዕጩ ይሆናሉ፤ መሆናቸውም መብታቸው ነው። ለአገር የቆሰለን ሰው «አንተ አትወዳደር» የሚል ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ዘማቹ ሲመጣ እንነሣለት፤ ወንበር እንልቀቅለት፤ ቁስሉን መንግሥት ያሳክምለት፤ ጡረታውን በወቅቱ ይክፈለው። ይህ ዕዳ ነው፤ ዕዳም በገንዘብና በአክብሮት ይከፈላል። ድምፃችን ግን ገንዘብ አይደለም። እርሱን የምንሰጠው ቁጭ ብለን ጠይቀን ነው፦ የደባርቅ ገበሬ ማዳበሪያ በየትኛው ዋጋ ይግዛ? የበየዳ ልጅ በየትኛው መንገድ ትምህርት ቤት ይድረስ? ያንተ ወገን የሆነ ሹም ድኻ ሲበድል ምን ታደርጋለህ? ይህን ሲጠየቅ «እናንተ ተኝታችሁ እኔ ዱር ነበርኩ» የሚል ከሆነ አክብረን እንሸኘዋለን። «ጥሩ ጠየቃችሁ፤ እንነጋገር» ካለ ግን፣ አርበኛነቱ ያን ጊዜ ለሁለተኛ ጊዜ ጀምሯል።